ደንገጎ ላይ ያልበራችው መብራት

ታኅሣሥ 9፣ 1979

ነፋሻ ቀን። ሚስቴ ተሻለች ጋቢ አውጥታ ለበሰች፤ ሳቅኩባት። ድሬዳዋ ተቀምጦ ጋቢ! «አንተ ቀኑን ሙሉ ሞተር ታቅፈህ ስለምትውል ነው የማይበርድህ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ጠዋት የአንድ ጭነት መኪና ሞተሪኖ፣ ማስነሻውን፣ ፈትቼ ገጠምኩ። ምሳ በላሁ፣ እንደ አገሩ ሰው ተኛሁ። አሥር ሰዓት ላይ ጓደኛዬ አብዲራህማን መጣ። አብዲ ሁሌም ከመኪናው ቀድሞ ነው የሚሰማው... ገና ከኒሙ ዛፍ ሳይደርስ ይጮኻል። «ዋሪያ ሀብቴ! ይቺ አሮጊት ታማለች አቦ! ዓይኗ ቀልቷል!»

አሮጊቷ ታክሲው ናት። ፔጆ 404። አሥራ አራት ዓመት ከመጋላ ሰፈር ወደ ከዚራ ሰፈር፣ ከድሬ ወደ ሐረር ስትመላለስ የኖረች። ዓይኗ የሚለው ዳሽቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት ቀይ መብራቶች ነው፤ አንዷ የዲናሞ፣ ሌላዋ የዘይት። ሞተሩ እየሠራ ሁለቱም ብልጭ ድርግም ይላሉ አለኝ። ድምፅም አምጥታለች። ምን ዓይነት ድምፅ? «እንደ ሚስቴ። መጀመሪያ ዝም፣ ስትሞቅ ግን አያድርስ!» ፋዱማ ይህን ብትሰማው...

ነገ አምጣት አልኩት።

ታኅሣሥ 10

የዲናሞዋን አገኘሁት። ቺንጋው፣ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ላልቷል፣ ካርቦኑም አልቋል። ቺንጋውን አጠበቅኩ። ካርቦን ከአሮጌ ዲናሞ አውጥቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሞርጄ ገጠምኩለት። መብራቷ ድርግም አለች። ሥራ ማለት ይሄ ነው! አብዲ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ማሻአላህ» አለ። ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ እጄ አይደለም።

የዘይቷ ግን... ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የለችም። ሞቆ ዝም ብሎ ሲሠራ ትንቀጠቀጣለች። ነዳጅ ሲሰጡት ትጠፋለች።

ድምፁን አዳመጥኩ። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ። ከላይ ጠቅ ጠቅ ይላል... ይሄ ፑንተሪያ ነው፣ የቫልቭ ክፍተት፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ። ከታች ግን ሌላ ነገር አለ። ወፍራም። ዱቅ... ዱቅ... የካንዴላ ሽቦዎቹን ተራ በተራ ነቀልኩ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ለውጥ የለም። ሦስተኛውን ስነቅል ዱቅታው ለሰስ አለ። መለስኩት፤ ተመለሰ።

የሦስተኛው ብሮንዚና ነው። ታች የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ክራንኩን የሚያቅፈው። ተበልቷል። ብሮንዚና ሲበላ ዘይቱ ግፊት ያጣል። ድምፁም መብራቷም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው።

ለአብዲ ምን ልበለው? ሞተሩ ይውረድ ልበለው? ብሮንዚና ከተማው ውስጥ የለም፤ ከጅቡቲ ካልመጣ። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር... ስድስት ልጅ ያለው ሰው እስከዚያ ምን ይብላ? «ፑንተሪያ ነው» አልኩት። ፑንተሪያውን አስተካከልኩ። ወፍራም ዘይት ጨመርኩበት፣ ዱቅታው ዋጥ አለ። «ወላሂ ጆሮህ ወርቅ ነው!» አለኝ።

ባቡር ላይ ለሚሠራው ለዲሪዬ ነግሬዋለሁ፤ ጅቡቲ ሲወርድ ብሮንዚና ይፈልግልኛል። ዕቃው ሲመጣ እውነቱን እነግረዋለሁ። ሰውን አስቀድሞ ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል?

ታኅሣሥ 14

አብዲ ተመልሶ መጣ። የዘይቷ አሁንም ትበራለች። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት መብራቷን አይታ «አውርደኝ!» ብላ ጮኸች አለ።

እንግዳ ሰው ይደነግጣል። እኛ ለምደነዋል። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ የድሬ ሾፌር ሁሉ የሐረርን መንገድ ዳገት፣ ደንገጎን ሲወርድ ሞተር ያጠፋል። ቁልፉ ክፍት፣ ማርሹ ዜሮ፣ እየተንከባለሉ እስከ ግርጌው። ሞተር ሲጠፋ ቀዮቹ ሁሉ ይበራሉ። ስለዚህ ለሾፌሮቻችን ቀይ መብራት ማለት ቁልቁለት ማለት ነው... ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል? ስንቱ «ሀብቴ፣ እቺን ነገር ንቀልልኝ» ብሎኛል። የስንቱን ነቅያለሁ።

የአብዲንም ነቀልኩ። አንዲት ሰማያዊ ሽቦ። ጫፏን በፕላስተር ጠቅልዬ ከዳሽቦርዱ ኋላ ሸጎጥኳት። እሱ ንቀላት አላለኝም። አድናት ነው ያለኝ። «ዳነች?» ሲለኝ «ዳነች» አልኩት።

ደህና ጆሮ ላለው ሰው መብራት ምን ያደርግለታል?

ታኅሣሥ 29

ገና። አብዲና ፋዱማ ከነልጆቻቸው መጡ። ተሻለች እንደ ሁልጊዜው ለእነሱ ሥጋ ያልነካው ለብቻ ሠርታለች። ፋዱማ ሐልዋ ይዛ መጣች። ሁለቱ ሴቶች እኛን ሲያሙን ዋሉ፤ ጓዳ ሆነው ሲስቁ ይሰማል።

አብዲ ልጄን ክፍሉን «ዶክተር» ነው የሚለው። ማትሪክ ወስዶ ውጤት እየጠበቀ ነው፤ እስከዚያ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ ያስጠናል። «ዶክተር ስትሆን መጀመሪያ እቺን አሮጊት ትመረምርልኛለህ» አለው። ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ መጨረሻ ላይ ፉጨት አለበት... ያ አስሙ። ሃያ ዓመቱ ነው፣ አልለቀቀውም።

ሰው «ጆሮህን ከየት አመጣኸው?» ይለኛል። ከምድር ባቡር አይደለም፤ ከእሱ ነው። ሕፃን ሳለ ጀርባው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነበር የማውቀው። ዛሬ ይነሣበታል፣ ዛሬ አይነሣበትም... ተሳስቼ አላውቅም። ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ጥር 13

ክፍሉ ለምሳ አልመጣም። ከሲኒማው በር ላይ ወጣቶች ታፈሱ ይላሉ።

ጥር 14

ታፍሷል። ብሔራዊ ውትድርና። ሐረር ካምፕ ወስደዋቸዋል። ተሻለች በጠዋቱ አውቶቡስ ወጣች። እኔ ለአስሙ ወረቀት ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። መቼም የታመመ ልጅ አይወስዱም!

ጥር 15

ተሻለች ሐረር ዘመድ ቤት አደረች። መልእክት ልካለች። አንድ የመቶ አለቃ አነጋግሯታል፤ ደህና ሰው ነው። የሐኪም ወረቀት ሆስፒታሉና ቀበሌው ማኅተም አድርገውበት ከመጣ ልጁ ይለቀቃል ብሏታል። እስከ ነገ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት። ከሰባት በኋላ መኪኖቹ ይነሣሉ።

የሆስፒታሉን ማኅተም አግኝቻለሁ። የቀበሌው ብቻ ቀረ። ነገ ጠዋት።

ጥር 16

አልደረስንም።

ጥር 19

እንደሆነው ልጻፈው። ለማንም አልነገርኩም። እዚህ ካልጻፍኩት ሊያፈነዳኝ ነው።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ቀበሌ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ኪሱ ከትቶ ስብሰባ ገብቷል። ጠበቅኩ። አውቶቡሱ ሄደ። ጠበቅኩ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣና ሳያነበው አተመ። አብዲ በር ላይ ሞተር ሳያጠፋ ይጠብቀኛል። የወሩን ኩፖን በሙሉ ቤንዚን ቀድቶበታል። ለልጄ ብሎ። «ግባ! ስድስት ሰዓት ላይ እዚያ ነን፣ ኢንሻአላህ» አለ።

እስከ ደንገጎ ግርጌ ደህና ነበርን። ዳገቱን ስንጀምር ሰማሁት። ዱቅ... ከዚያ ዱቅ ዱቅ። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። አብዲ ወሬ ይዟል፤ ዶክተር ሲፈታ ፍየል አርዳለሁ፣ ሰፈሩን በሙሉ እጠራለሁ ይላል። ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ሰዓት ከሩብ። ቁም ብለው? ሞተሩ እስኪበርድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ቀስ በል ብለው? እሱም ጊዜ ነው። ዕቃው ሲመጣ እነግረዋለሁ ያልኩት ብሮንዚና እግሬ ሥር ይደበድባል፣ እኔ ስለ ሰባት ሰዓት አስባለሁ።

«ርገጠው አብዲ!» አልኩት።

ረገጠው።

ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ ዱቅታው መዶሻ ሆነ። አሁን አብዲም ሰማ። ዓይኑን ወደ ዳሽቦርዱ ጣለ። እኔም አብሬው አየሁ። ጨለማ። አንዲትም መብራት የለች። «ቀይ የለም። ደህና ናት» አለ።

ይቺን ቃል መቃብር ይዣት እገባለሁ።

መቶ ሜትር አልሄድንም። ሞተሩ አንዴ ጯ አለና ከነጎማው ጨብጦ ቆመ። ኮፈኑን ከፈትን። አብዲ የዘይት መለኪያውን መዘዘው። ደረቅ። ጫፉ ላይ እንኳ ጠብታ የለም። ያን ሁሉ ሰሞን ዘይት ስትጠጣ ከርማለች... ማን ይንገረው? የምትነግረውን መብራት እኔ አፏን ዘግቼባት። የኋላ ሻንጣ ውስጥ አንድ ጋሎን ዘይት አለ፣ ያልተከፈተ። አብዲ ያለ ዘይት ከከተማ ወጥቶ አያውቅም።

ፀሐይ ላይ ቆምን። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ሞልቷል። እኔ መንገዱ መሀል ቆሜ ወረቀቱን አውለበልባለሁ፣ አብዲ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። ሰባት ሰዓት ላይ ሽንኩርት የጫነ መኪና አነሣኝ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ካምፑ በር ደረስኩ።

ዘበኛው ልጅ እግር ወታደር ነው። ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ጥሩ ወረቀት ነበር አባቴ» አለኝ። ነበር...

ተሻለች አጥሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። መኪኖቹ ሲወጡ አይታዋለች። እሱም አይቷታል። ከላይ ሆኖ «እማዬ! አባዬ መጣ?» ብሎ ጮኸ። «እየመጣ ነው!» አለችው።

ጥር 22

አሮጊቷን ዛሬ አወረዷት። ያለ ሞተር። ማርሹ ዜሮ፣ ደንገጎን እንደ ልማዷ ተንከባልላ ወረደች። አብዲ መሪውን ይዞ ያለቅስ ነበር ይላሉ።

ጥር 27

ዛሬ የሆነውን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?

አብዲ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሐጂ ሲያድ ከመጋላ፣ ከእኛ ወገን ደግሞ የቀድሞ የባቡር ባልደረባዬ ጋሽ ገብረ መድኅን። ፍየል አስጎትቶ። እኔ ቁጭ ብዬ፣ አብዲ ቆሞ። የአሥራ ስድስት ዓመት ጓደኛዬ እቤቴ ውስጥ ተቀመጥ ሳልለው አይቀመጥም!

ሐጂ ሲያድ ተናገሩ። «መኪናው የሱ ነው፣ መሪው በሱ እጅ ነው። ባለቤት ዘይቱን ማየት ነበረበት። አላየም። ጥፋቱን ይዞ መጥቷል፣ ሀብተ ማርያም። ሰው ደግሞ ከአላህ ውሳኔ አያመልጥም፤ ይቅር በለው።»

አብዲ ቀና ብሎ አላየኝም። «መብራቷ ብትበራ አቆም ነበር ሀብቴ... ወላሂ አቆም ነበር። አልበራችም። አይቻታለሁ፣ አልበራችም።»

አሁን ነው፣ አልኩ በልቤ። አሁን ንገረው። አፌን ከፈትኩ። ተሻለች ጓዳው በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ዓይኗ... ከወጣው ቃል ሌላ ቃል ነበር የፈለግሁት። ማርያምን፣ ሌላ ቃል ነበር።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

ጉልበቴን ሳመው። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔ ሀብተ ማርያም የበደልኩትን ሰው ይቅር ብዬው ተመረቅሁ።

ተሻለች ፍየሉን በመጣበት ገመድ መለሰችው። «እሱ ይቅር ይበልህ፣ እኔ አልችልም» አለችው።

የካቲት 11

ጋራዥ አልከፍትም። ሰው ሲመጣ አሞኛል እላለሁ። አንዱ «ዘይቷ ትበራብኛለች፣ ንቀላት» አለኝ። ቁልፉን ወረወርኩበት። አበደ ብሏል። ይበል።

መጋቢት 2

ተሻለች አሸዋ ገበያ ላይ ፋዱማን አይታ መንገድ ተሻገረች አሉ። ፋዱማ ዘንቢሏን ጥላ እዚያው መሀል አለቀሰች። አሥራ ስድስት ጊዜ አብረው ገና፣ አሥራ ስድስት ጊዜ አብረው ኢድ... በእኔ አንዲት ሽቦ።

ነገ እነግራታለሁ።

መጋቢት 3

አልነገርኳትም።

ሚያዝያ 12

ደብዳቤ! የገዛ እጁ ጽሕፈት ነው። ለተሻለች ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። ማንበብ ታውቃለች፤ ከእኔ አፍ መስማት ፈለገች።

«አባዬ፣ ደህና ነኝ። ሥልጠናው አልቆ ወደ ሰሜን እየሄድን ነው። አገሩ ብርድ ነው፤ እማዬ በድሬ ጋቢ ስትለብስ እስቅ ነበር፣ አሁን አልስቅም። ለደረቴ ኪኒን ሰጥተውኛል። እማዬ ጋሽ አብዲን መቀየሟን ከአንድ የሰፈራችን ልጅ ሰማሁ። ተዪው ብቻ አትበላት፤ ለምናት። መኪና ነው፣ ይቆማል። እሱ ጥፋት የለበትም።»

እሱ ጥፋት የለበትም ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ተሻለች በናፍቆት መስሏት ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። እጇ ጀርባዬ ላይ እያለ ልናገር ነበር። እጇን ታነሣዋለች ብዬ ፈራሁ።

ሰኔ 8

ዲሪዬ ብሮንዚናውን አመጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ሄደ። ስድስት ወር።

ለአብዲ በሰው እጅ ላክሁለት። አብዲ አሁን ታክሲ ተራ ላይ ለሌላ ሰው ጎማ ይነፋል ይላሉ። ያውም ሳይጮህ።

ነሐሴ 7

አሥራ ሁለት ሰዓት ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎች። ጋሽ ገብረ መድኅን ከፊት። ገና ነጠላውን አዘቅዝቆ ሳየው ገባኝ። ተሻለች ግን «ግቡ፣ ምነው በጠዋቱ?» አለች።

ነሐሴ 8

እግሩን ቆስሎ የተመለሰ አንድ የባቡር ሠፈር ልጅ ነው የነገራቸው። አብሮት ነበር። ጥይት አልነካውም። ሽቅብ ሲወጡ ትንፋሽ አጠረው አለ። «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ድንጋይ ተደግፎ ተቀመጠ። ሲመለሱለት ተቀምጦ አገኙት።

ዳገት ላይ።

እዚያ ጆሮውን ጀርባው ላይ የሚያሳርፍለት ሰው አልነበረም። ልጄ! ልጄ! ልጄ!

ነሐሴ 9

ተናገርኩ።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ፋዱማ ከሴቶቹ ኋላ፣ መጨረሻው ላይ። አብዲ አልገባም፤ ውጭ ኒሙ ሥር፣ ሰው ጫማ ከሚያወልቅበት ቦታ ተቀምጧል። ሦስተኛ ቀኑ ነው። እንደ ወንጀለኛ መሬት መሬት ያያል። ተሻለች ስታለቅስ «ያቺ መኪና! ያቺ መኪና!» ትላለች፤ እያንዳንዷ ቃል እሱ ላይ ስታርፍ አያለሁ።

ተነሣሁ። «አብዲ ጥፋት የለበትም» አልኩ። «የዘይቷን መብራት የነቀልኳት እኔ ነኝ። ሞተሩ መታመሙንም አውቅ ነበር። ደብቄዋለሁ። ርገጠው ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ጋሽ ገብረ መድኅን ክንዴን ያዘኝ። «ኀዘን ነው የሚያናግረው፣ ተዉት» አለ። ሰዉ ከንፈር መጠጠ። ማንም አልገባውም። አብዲ ግን ሾፌር ነው። ከኒሙ ሥር ተነሣ።

«ሰማያዊዋን?»

«አዎ።»

«ዳነች ብለኸኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ ብለኸኝ ነበር!» እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። «ጉልበትህን ስሜ!»

አብዲ ጫማውን አጠለቀ፣ አንዱ እግሩ አልገባለት አለ፣ ተረከዙን ረግጦት ሄደ። ፋዱማ ተከተለችው።

ከዚያ ተሻለች። ለቅሶዋን ትታ ነበር። «መብራቷ ብትበራ ኖሮ?» አለችኝ።

«ያቆማል። ዘይት ነበረን። ይጨምራል፣ ቀስ ብለን እንወጣለን።»

«ለመጨመር ስንት ደቂቃ?»

«አምስት።»

ሌላ አልጠየቀችኝም።

ጳጉሜን 4

ምግብ ታቀርብልኛለች። ውሃ ታቀርብልኛለች። ልብሴን ታጥባለች። ቃል የለም። ሃያ ስድስት ዓመት የሰማሁት ድምፅ... የሞተርን ድምፅ ሁሉ አውቃለሁ እል ነበር፤ ዝምታን ግን እንዴት እንደሚጠግኑት ማንም አላስተማረኝም።

መስከረም 14፣ 1980

ተሻለች ዘንቢል ይዛ ወጣች። ተከተልኳት፤ አላፍርም፣ ተከተልኳት። የደቻቱን ወንዝ በደረቁ አሸዋ ተሻገረች፣ መጋላ ገባች፣ የአብዲን በር መታች። ፋዱማ ከፈተችላት። ቆመው ተያዩ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። እስከ ማዶ ድረስ ለቅሶአቸው ይሰማኛል። የሁለቱንም ድምፅ ለየሁት።

እኔ የማንኳኳው በር የለኝም።

መስከረም 29

አብዲ መጣ።

ሳይጮህ መጣ፤ የሰማሁት መኪናዋን ነው። ሞተሩን ሠርቷታል። ገና ከሩቅ ሰማኋት፤ ለስላሳ፣ ከታች ምንም የለም። ፋዱማ አምባሯን ሸጣ ነው አሉ ያሠሩት። ብሮንዚናው ግን ያ በጋዜጣ የላክሁት ነው።

ከመኪናው ወረደ። ሰላም አላለኝም። «ካምፑ የልጆቹን የሲቪል ልብስ መጥታችሁ ውሰዱ ብሏል። ረቡዕ ተሻለችን እወስዳለሁ» አለ። «ሽቦዋን መልስ።»

ዳሽቦርዱ ሥር ተኛሁ። ሰማያዊዋ እዚያው ነች፣ እኔ የጠቀለልኩት ፕላስተር እንዳለ። ሃያ ጊዜ የሠራሁት ሥራ አልሆንልህ አለኝ። አብዲ ቆሞ ይጠብቃል። ሳስገባት ቁልፉን ከፈተ። ቀይ። ሁለታችንም አየናት። ሞተሩን አስነሣ። ጠፋች።

«አብዲ...» አልኩት።

«ይቅር አላልኩህም» አለ። «አንተ ለኔ እንዳልከኝ እኔም ብልህ ይቀለኝ ነበር። ውሸት ይሆናል። አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጠን።» ኮፈኑን ዘጋ። በሩን ከከፈተ በኋላ ቆም አለ። «ረቡዕ አንተም ና። ልጅህ ነው።»

ጥቅምት 3

ሐረር ሄደን መጣን።

ተሻለች ከፊት፣ እኔና ፋዱማ ከኋላ። ደንገጎን ሽቅብ ወጣን። ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ አብዲ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ዱዓ ይመስለኛል። እኔ አላዳመጥኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ጆሮዬን አላቀናሁም። የፈለገውን ይበል አልኩ።

ካምፑ ስሙን አንብቦ አንዲት እሽግ ሰጠን። ሱሪው፣ ቀበቶው፣ ነጩ ሸሚዙ። ሸሚዙ ታጥቧል። አንገትጌው ሳይቀር ታሽቶ፣ እጥፍጥፍ ተደርጎ። ማን አጠበው? ራሱ ነው። እናቱ ቆሽሾ እንዳታገኘው። ይፈቱኛል ብሎ ሲጠብቅ ነው ያጠበው... ንጹሕ ለብሶ ሊወጣ። ወይስ እንደማይወጣ ገብቶት? ተሻለች አሸተተችው። ሳሙና ብቻ ነው የሚሸተው። የሱ ሽታ የለም።

አላለቀሰችም። ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና «እንሂድ» አለች፣ ለአብዲ።

ከደንገጎ አፋፍ ስንደርስ የአብዲን እጅ አየሁ። ከፊታችን ያለው ታክሲ ሞተሩን አጥፍቶ እየተንከባለለ ወረደ። ቀጥሎም ሌላው። አብዲ ቁልፉን አልነካም። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ እያጉረመረመ፣ ኩፖናችንን እየጠጣ፣ ከጠጠሩ ጋር እየታገለ ወረድን። ከኋላ ያሉት ጡሩምባ ነፉብን። አሳለፋቸው።

ተሻለች ወደ ገደሉ አላየችም፣ ወደ ከተማውም አላየችም። አንገቷን ወደ ሾፌሩ ወገን ዘንበል አድርጋ ዳሽቦርዱን ታያለች። ሸሚዙን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያቺን አዝራር የምታህል የዘይቷን ቀይ ብርጭቆ። ከአፋፉ እስከ ግርጌው፣ ከግርጌው እስከ ኬላው፣ ከኬላው እስከ በራችን። ዓይኗን አንዴ አላነሣችም።

በር ላይ ወረድን። አብዲና ፋዱማ ሄዱ። በሩን ከፈትኩላት። ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ወደ እኔ ዞረች። ከነሐሴ 9 ወዲህ ዓይኔን አላየችውም ነበር።

«አልበራችም» አለችኝ።